ከኋላዬ የነበረው ከበሮ

ባለፈው ኅዳር ባሕር ዳር ተጠርቼ ነበር። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚያስተምሩ ወጣቶች የራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቁመው የመጀመሪያውን ዝግጅታቸውን በእኔ ድርሰት ሊከፍቱ ፈለጉና «እርስዎ መጥተው ይምሩልን» ብለው ደወሉ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴም ደረጃ አይወድም። ግን ሰው ሲለምነኝ ደስ ይለኛል፤ ይህን ጠባዬን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቁታል። ለወጉ ያህል እንኳ ሳልግደረደር እሺ አልኩ።

በደረስኩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል፣ ዋርካው ሥር ተቀምጬ የቆረሶ ዓሣ ጥብስ እበላ ነበር። ዓሣው እንደ ድሮው ሙሉውን፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ከነጭንቅላቱ ነው የመጣልኝ። ገና ሁለት ጉርሻ እንደ ጎረስኩ የዝግጅቱ ኃላፊ ዮሴፍ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ዮሴፍ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ጨዋ ልጅ ነው። ወረቀቱ በዝግጅቱ ቀን ለተመልካች የሚታደል ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ማተሚያ ቤት ይገባል። አንዴ አይተው ስሕተት ካለ ያርሙልን» አለና እስክሪብቶውን ሰጥቶኝ ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

በትልቁ «ጣና» ይላል። ከሥሩ «ድርሰትና መሪነት፦ ክፍሌ»። ቀጥሎ ስለ እኔ አንድ አንቀጽ አለ፤ ውጭ አገር መማሬ፣ ሠላሳ ዓመት ኦርኬስትራ መምራቴ፣ ይህን ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን እንዲህ ይላል፦ «ገና በወጣትነታቸው፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ኦርኬስትራቸውን ሳያዩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው በመምራት የውጭ ባለሙያ አስደንቀዋል።» ይህን ለጋዜጣም ለሬዲዮም ተናግሬው አላውቅም። ማን ነገራቸው? እስክሪብቶውን እንደ ያዝኩ ቀረሁ፤ ዓሣውም ቀዘቀዘ።

ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሬ እንደ ጨረስኩ ባሕር ዳር ለሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኪነት ቡድን አሠልጣኝ ሆኜ ተመደብኩ። በዚያን ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው ፋብሪካም ቀበሌም አልነበረም። የእኔዎቹ አርባ ያህል ናቸው፤ ሦስት ማሲንቆ፣ አምስት ክራር፣ ሁለት ዋሽንት፣ አንድ አኮርዲዮን፣ ከፖሊስ ጡረታ የወጡ ሁለት ጥሩምባ ነፊዎች፣ አንድ ከበሮ፣ የቀሩት ከፈትል ክፍል የመጡ ዘፋኝ ሴቶች። ይህን ስብስብ «ኦርኬስትራ» ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። እነሱ «ኪነቱ» ነበር የሚሉት። ስመረቅ የተሸለምኳት ቀጭን ነጭ የመሪ ዘንግ ነበረችኝ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ እይዛታለሁ። ሴቶቹ ገና ከበር ሲያዩኝ «መምህር አርጩሜውን ይዞ መጣ!» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። እኔ ግን አልሥቅም። ራሴን እንደ ትልቅ ነገር የማይበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ዕድሜ መቼ እንደ ወጣሁ፣ ወይም ወጥቼ እንደ ሆነ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚያ ክረምት «ጣና»ን ጻፍኩ። በመስከረም ለአብዮቱ በዓል ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። ከእነሱ ጋር ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር የሚመጣ የሙዚቃ ባለሙያ አለ። ሰውየው የየከተማውን የኪነት ቡድን እየዞረ ያይና አንድ ሰው ይመርጣል፤ የተመረጠው ሰው አገራቸው ሄዶ ኦርኬስትራ መምራትና ድርሰት ይማራል። አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ያንን ቦታ የፈለግኩትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም።

ድርሰቷ የምትጀምረው በዝግታ ነው፤ ሐይቁ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣበት እንደሚሆነው። መጨረሻዋ ላይ ግን ቀስ በቀስ እየፈጠነች፣ እየፈጠነች ሄዳ ነው የምታበቃው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አርባ ሰው ግን አብሮ አይፈጥንም። ማሲንቆው ይቀድማል፣ ጥሩምባው ይጎተታል፣ ሴቶቹ መካከል ላይ ይጠፋባቸውና ይሥቃሉ። እኔ ዘንጌን እያወዛወዝኩ እጮኻለሁ። የሐምሌ ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው ደግሞ ጩኸቴም አይሰማም። ስንት ቀን ዘንጌን ወርውሬ ወጥቻለሁ፤ ስንት ቀን ተመልሼ ከወንበር ሥር ተንበርክኬ ፈልጌያታለሁ።

ከበሮ መቺው ይኄይስ ይባላል። የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነው፣ እኩያዬ፣ የዘጌ መሪጌታ ልጅ። ድቁና ተቀብሎ፣ እስከ ሃያ ዓመቱ አባቱ ዘንድ አቋቋም ሲማር ኖሮ፣ ከተማ ማየት አምሮት ነው ፋብሪካ የገባው። ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ትልቅ፣ ተናግሮ የማያስቀይም ሰው ነበር። ባሕር ዳር ዘመድ ስላልነበረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ሴትዮ ቤት ወስዶ ዓሣ የሚያስበላኝ እሱ ነው። ጭንቅላቱን ሁልጊዜ ለእኔ ይተውልኝ ነበር፤ ከዓሣው የሚጣፍጠው እሱ ነው ይላል።

አንድ ቅዳሜ እዚያው ተቀምጠን ስነጫነጭበት ሰማኝ ሰማኝና «መምህር፣ አንተ በዓይናቸው ልትመራቸው ትፈልጋለህ። እነዚህ ሰዎች ሙዚቃ በዓይን አይተው አያውቁም» አለ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አባቴ ዘንድ ልውሰድህ።»

የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ፣ በነሐሴ መጨረሻ አንድ እሑድ፣ በጀልባ ዘጌ ተሻገርን። አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዓባይ የሚወጣበት በኩል ውሃው በክረምቱ ደለል ቀልቶ ነበር፤ ወደ ውስጥ ስንገባ ጠራ። ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ማገዶ ጭነው በአጠገባችን ያልፋሉ። ዘጌ ስንወርድ መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ ዝናብ ያባራበት ሰዓት ስለነበር ከየቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ አንገታችን ሥር ይገባል። ጫማዬ ጭቃ እየያዘ ስለከበደኝ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ይኄይስ ዞሮ አየኝና መንገዱን ቀጠለ፤ ግን ትከሻው ሲሥቅ አይቻለሁ።

አባቱ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልንና በልተን እስክንጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ልጃቸው ጉዳዬን ሲነግራቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«እናንተ ዘንድ መሪው የት ነው የሚቆም?»

«ከፊት ለፊታቸው ነው የኔታ፤ ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ።»

«እኛ ዘንድ ከበሮ የያዘው ከመኻላቸው ነው። በቀኝም በግራም ይሰማል። ሲቸኩሉ ያዝ ያደርጋቸዋል፤ ሲደክሙ ያነሣቸዋል። እሱን የሚያየው የለም፤ ግን ማንም ያለሱ አይሄድም።»

አራት ተማሪዎች ጠርተው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አቆሙ። ይኄይስ ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቀና መካከላቸው ገባ። ዜማው በዝግታ ተነሣ፤ መቋሚያው ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ይኄይስ በእያንዳንዱ ምት አንድ እግሩን ሳብ እያደረገ ይሄዳል። እኔ ሰዓቴን አውጥቼ የሚፈጥኑበትን ቦታ ልጽፍ ተዘጋጀሁ። አላገኘሁትም። መጀመሪያ ሲያዘግሙ ነበር፤ በኋላ ደግሞ እየዘለሉ እያጨበጨቡ ነው፤ ከዚህ ወደዚያ የተሻገሩበትን ስፍራ ግን አላየሁም። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆሞ ነበር። አባትየው ፊቴን አይተው ፈገግ አሉ።

«ቃሉን አትንኩብኝ» አሉኝ ስንሰናበት። «ቃሉ የእግዚአብሔር ነው። አረማመዱን ግን ውሰዱት።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «አንተ ምቱን ያዝላቸው» አሉ።

በማግስቱ ይኄይስን ከጥግ አንሥቼ ከመካከል አቆምኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ ያቃጠለኝ መጨረሻ ሰመረ። እንዲያውም ይኄይስ የመጨረሻዋን ዜማ «እዚህ ጋ እስትንፋስ ታጥራለች» ብሎ በአፉ እያዜመ ለወጣት፤ ከእኔዋ የተሻለች ሆነች። እሱ እያዜመ እኔ ኖታውን ጻፍኩ። በእኔ እጅ ጽሕፈት ስለተጻፈች የእኔ የሆነች መሰለኝ።

ጳጉሜን ላይ የእንግዳ አቀባበሉ ኃላፊ ጓድ ስንታየሁ ልምምዱን ሊያይ መጣ። የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ወፍራም፣ ቸኳይ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ካድሬ። እስከ መጨረሻው ሰማና አጨበጨበ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቆይ። እንግዶቹ እዚህ ነው የሚቀመጡት?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«አንተስ እዚያ፣ እንዲህ ዞረህ ነው የምትቆም?»

«በዓለም ሁሉ የኦርኬስትራ መሪ የሚቆመው እንዲህ ነው።»

«በዓለም እንደ ፈለጉ ይሁኑ። እኔ በማስተናግድበት አዳራሽ ሰው ለእንግዳ ቂጡን አያዞርም!»

ሴቶቹ በሣቅ ፈነዱ። ላስረዳው ሞከርኩ፤ ደም ሥሬ ተገታተረ፤ አልሆነም። እውነቱን ለመናገር ሰውየው የኔ እናት ብትሆን የምትለውን ነው ያለው። እኛ ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት ቤት ስንወጣ እንኳ ጀርባችንን ላለመስጠት ወደ ኋላ እየተራመድን ነው። ትልልቅ ባለሥልጣኖች ፊት አንድ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ጀርባውን ሰጥቶ ሲወራጭ ይታይ ማለት ለጓድ ስንታየሁ ራስን ማጥፋት ነው። በመጨረሻ ወይ ወደ እንግዶቹ ዞሬ እመራለሁ፣ ወይ ቡድኑ አይቀርብም ተባልኩ። ወጥቼ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ይኄይስ ተከትሎኝ መጣ።

«አለቀልኝ» አልኩት። «ሳላያቸው እንዴት ልምራቸው?»

«ምን ቸገረህ? አንተ ወደ እንግዶቹ ዙር። እኔ ከኋላህ አለሁ።»

የበዓሉ ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር። መንገዱ ዳር ሁሉ አደይ ፈክቷል። የፊት ወንበሮቹ ላይ ባለሥልጣኖቹ ካኪ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ መካከል ያ የውጭ ባለሙያ አለ፤ ፀጉሩ ነጭ፣ አገጩን በእጁ የደገፈ ሽማግሌ። እኔ ኦርኬስትራዬን ከኋላዬ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ እንግዶቹ አዙሬ ቆምኩ። ዘንጌን አነሣሁ። ባዶ አየር ነበር የምመታው።

መጀመሪያው ደኅና ሄደ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን ደንግጬ እጄ ቀደመ። ሁለት ምት፣ ሦስት ምት ያህል ፊት ሄጃለሁ፤ ማንም አልተከተለኝም። የይኄይስ ከበሮ ከኋላዬ ያለ ችኮላ ቦታው ላይ ነበር። ሰልፍ ላይ እርምጃው እንደ ተሳሳተበት ሰው እጄን ቀስ ብዬ፣ ሳይታወቅብኝ፣ ወደ ከበሮው መለስኩት። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ተከተልኩት። እሱ ሲፈጥን እፈጥናለሁ። መሪው እኔ ሳልሆን ተመሪው እኔ ነበርኩ። እንደዚያ ቀን ያለ ሙዚቃም ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፤ አርባ ሰው ባንድ ልብ እየሮጠ በጀርባዬ ሲመጣ ይሰማኝ ነበር። ቀና ስል ሽማግሌው እኔን እያየኝ አልነበረም። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ነበር የሚያየው።

ዝግጅቱ ሲያበቃ አዳራሹ ጓሮ ድንኳን ተተክሎ ዳቦና የሎሚ ጭማቂ ቀረበ። ሽማግሌው ከአስተርጓሚው ጋር ወደ እኛ መጣ። ይኄይስ ከበሮውን ከአንገቱ ገና አላወረደም፤ ላቡን በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል። ጓድ ስንታየሁ ከጎናችን ቆሟል። ሽማግሌው ጨበጠኝና አስተርጓሚው ቀጠለ።

«ሳታያቸው እንዴት አብረው ይፈጥናሉ ነው የሚሉህ። ይህ እሳቸው አገር ያሉ ትልልቅ ኦርኬስትራዎችም የሚቸገሩበት ነው። ከእናንተ መካከል ምቱን የሚይዘው ማነው?»

ሽማግሌው ይህን ሲጠይቅ ይኄይስን እያየ ነበር። የሚያውቅ ይመስለኛል። በር ከፍቶ እንድገባበት እየጠበቀኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አስተርጓሚው ነገረውና ሽማግሌው ሌላ ነገር አለ። «ኖታ የማያነብ ሰውም ቢሆን ችግር የለም፤ ኖታ በአንድ ዓመት እናስተምራለን፤ ይህን ግን ማስተማር አንችልም እያሉ ነው። እርግጠኛ ነህ?»

አስቡት፤ ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። እሱ አልበቃ ብሎኝ ጨመርኩበት። «ያለ እኔ አይሄዱም።»

ይኄይስ ከአጠገቤ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። ከበሮውን ከአንገቱ አወለቀና መሬት ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ሽማግሌው ከበሮውን አይቶ ደብተሩን አወጣና ስሜን ጻፈ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ሴትዮዋ ቤት ሄድን። ባልሄድ ደስ ባለኝ፤ ግን እንዴት አልሄድም ይባላል? ዓሣው መጣ። ይኄይስ ጭንቅላቱን ቆርሶ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለ።

«ተቀየምኸኝ?»

«ስትናገር ጎኔን ወጋ አድርጎኝ ነበር። አሁን ግን ለቀቀኝ» አለ። ከዚያ ሣቀ። «እዚያ ስትሄድ ግን ወደ ተጫዋቾቹ ዙረህ ምታ። ፊታቸውን እያየህ። ቂጥህን አዞርህ ብሎ የሚቆጣህ የለም።»

እኔም አብሬው ሣቅኩ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ ቢታወቅ በዚህ ዘመን ይጎዳዋል፣ ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው የሚል ሐሳብ እዚያው ዓሣው ፊት ተቀምጬ አገኘሁ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ለሦስት ሳምንት ያህል አኖረኝ። የጉዞ ቅጼን ላስፈርም ጓድ ስንታየሁ ቢሮ ስገባ አፈረሰብኝ።

«እኔስ የሚሄደው ይኄይስ ይመስለኝ ነበር» አለ እየፈረመ።

«የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው እኮ። አያስቸግረውም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔም እኮ ዲያቆን ነበርሁ፣ ጓድ ክፍሌ። ማን ጠየቀኝ?» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

ከመሄዴ በፊት ይኄይስ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘኝ። ዘጌ የተለቀመ ሎሚ በፌስታል ይዞልኝ ነበር። የለመነኝ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ ስትደርስ የ"ጣና"ን ኖታ በደንብ ስትጽፍ ያችን ማፍጠኛዋን እንዳትተዋት» አለኝ። አልተዋትም አልኩት። ስመለስ እውነቱን እናገራለሁ ብዬም ለራሴ ቃል ገባሁ።

አምስት ዓመት ተማርኩ። ማፍጠኛዋን ለመጻፍ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ቁጥር ጻፍኩ፣ ምልክት ጻፍኩ፣ መስመሩን በሁለት በሦስት ከፈልኩ። ስልሳ ሰው ያለበት ኦርኬስትራ፣ ፊታቸውን እያየሁ፣ ዘንጌን ሁሉም እያየልኝ፣ በየስፍራው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየተንገጫገጨ ሄደ። ያ ፀጉረ ነጭ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰምቶ ሲያበቃ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ከምረቃዬ በፊት ማፍጠኛዋን ቆርጬ ጣልኳትና ድርሰቷ በዝግታ እንድታልቅ አደረግኩ።

አገሬ ስመለስ አዲስ አበባ ተመደብኩ። «ጣና» ታወቀች። ጋዜጦች «ያ የሰከነ አጨራረስ የክፍሌ መለያ ነው» ብለው ጻፉ። ሌሎች ደራሲዎችም ሥራቸውን በዝግታ መጨረስ ጀመሩ። እኔ ያንን አጨራረስ በሰማሁ ቁጥር የምሰማው የጎደለውን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ስፍራ ላይ ስደርስ ጆሮዬ ወደ ኋላዬ ይሄዳል።

ይኄይስ ፋብሪካውን ለቆ ዘጌ መመለሱን፣ አባቱ ሲያርፉ በወንበራቸው ተተክቶ መሪጌታ መባሉን ሰው ነግሮኛል። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ነው። ለሥራ ስንቴ እንደ መጣሁ አልቆጥረውም። አንዴ ነፋስ ነው፣ አንዴ ጊዜ የለኝም፣ አንዴ ባዶ እጄን አልሄድም እያልኩ አንድም ቀን ጀልባው ላይ አልወጣሁም። ፈርቼው ነው። ይቆጣኛል ብዬ ሳይሆን ዓሣውን ቆርሶ ጭንቅላቱን ይሰጠኛል ብዬ።

እንግዲህ ዋርካው ሥር፣ ዮሴፍ በሰጠኝ እስክሪብቶ፣ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሠረዝኩት። ከበላዩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ያን ዕለት ኦርኬስትራውን የመራው ከበሮ መቺው ይኄይስ ነው። የድርሰቷ የመጀመሪያ አጨራረስም የእሱ ነበር።» ቀለል አለኝ። በማግስቱ በጀልባ ተሻግሬ ወረቀቱን ራሴ ልሰጠው፣ ለዝግጅቱም ከፊት ወንበር ላስቀምጠው አሰብኩ።

ዮሴፍ መጥቶ አነበበ። ፈገግ ሲል ዓይኑ እንባ ሞላ።

«መሪጌታ ይኄይስ ልክ ነበሩ» አለ።

«ምን አሉህ?»

«"ክፍሌን ብትጠይቁት እኔ አይደለሁም፣ ይኄይስ ነው ይላችኋል። እንዲያ ያለ ትሑት ሰው ነው። አትመኑት" ነበር የሚሉኝ። ለጥናቴ ዘጌ እየተመላለስኩ ድምፃቸውን ስቀዳ፣ "ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶን እያንዳንዳችንን ያየን ነበር" እያሉ ስንቴ አጫውተውኛል።»

«ነበር?»

«አልሰሙም እንዴ ጋሼ? አምና በጥር ዐረፉ እኮ።»

ፔሊካኖች ውሃው ላይ ነበሩ። አንድ ጀልባ ከዘጌ በኩል ሰው ጭኖ እየመጣ ነበር። ዮሴፍን እጁን ያዝኩት።

«ስማኝ፣ ልጄ። ትሕትና አይደለም። ያን ቀን ዋሽቼ ነው። ምቱን የያዘው እሱ ነው፤ ቦታውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለ፤ ሽማግሌ ሲያናግሩ በሚደረግ ልስላሴ። ወረቀቱን አጥፎ አቃፊው ውስጥ ከተተው። «ሁላችንም እንዲህ ብንሆን ምን ነበረበት።»

የታተመው ወረቀት ላይ የእኔ እርማት የለም። ዮሴፍ ግን በዝግጅቱ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ነገሩን ለሕዝቡ ተናገረ፤ እኒህ ትልቅ ሰው የራሳቸውን ስም ሠርዘው የሟች ጓደኛቸውን ስም ሊጽፉ ለመኑን አለ። አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ። ከፊት ወንበር አንዲት እናት እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ጭብጨባው ዋጠው። ብናገርስ? እውነቱን ቢናገር የሚታመን አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ውሸቴን ሲጠብቅልኝ ኖሮ ሞቷል።

ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ ወደ ልጆቹ ዞርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ፊታቸውን እያየሁ መራኋቸው፤ ጎበዞች ናቸው፤ ዘንጌን ሁሉም ያዩልኛል። መጨረሻው ስፍራ ላይ ስንደርስ ጆሮዬ እንደ ልማዱ ወደ ኋላዬ ሄደ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሕዝብ እንጂ ሌላ የለም። ድርሰቷ እንደ ጻፍኳት በዝግታ አለቀች። ሕዝቡ እንደገና ተነሣ። ጭብጨባው አላቆም ሲል ዞሬ እጅ ነሣሁ።